ሃያ ብለሽ ጻፊ

ማር ጡረታ ስትወጣ የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። የቀዶ ሕክምና ዋርዱ ጸሐፊ ነኝ። ካርድ እከፍታለሁ፣ ቻርት አስራለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ሰው ሲሞትም ወረቀቱን እሞላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ስንቱ ነርስ ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ። አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ ሰጠኋቸው፤ አዳራሹ ውስጥ ሲነበብ ግማሹ ሰው መሐረቡን አወጣ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ዘልያለሁ። አዲስ ተመራቂዎች በመጡ ቁጥር «ጋሼ፣ ለእኛ የሚሆን ምክር የለህም?» እያሉ ጠረጴዛዬ ላይ ስለሚደገፉ፣ የዘለልኩትን እዚህ ልጻፈው።

«ማር» ብለን ያወጣንላት እኛ ባልደረቦቿ ነን፤ አፏ ማር ስለሆነ። የተቆጣ ታማሚ፣ በር የሚደበድብ ቤተሰብ፣ ሰክሮ የመጣ አስታማሚ፣ ማንንም አምጡላት፤ ሁለት ቃል ጣል ስታደርግለት በግ ይሆናል። ከጋዋኗ ኪስ ማበጠሪያ፣ የጥፍር መቁረጫና ከረሜላ አይጠፋም ነበር። የሽማግሌ ጥፍር አድጎ ካየች ሥራዋን ጨርሳ ወንበር ስባ ትቆርጥለታለች፤ ማንም አላዘዛትም። እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ እዚያው ዋርድ ሦስት ሳምንት ስትተኛ፣ እኅቶቼ ወሬ ይዘው እየመጡ ወሬ ይዘው ሲመለሱ፣ በየሁለት ሰዓቱ የምታገላብጣት ማር ነበረች። እናቴ ስትሞት ጀርባዋ ላይ ሳንቲም የምታህል ቁስል አልነበረም። ነርስ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ የማርን ጉድፍ የሚያይ ዓይን አልነበረኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «አንተስ የት ነበርክ?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው።

የዋርዱ ኃላፊ ሌላ ፍጡር ነበረች። ምላስ አጥንት የለውም አጥንት ይሰብራል ይባል የለ? የእሷ ምላስ ከነቅልጥሙ ነበር የሚሰብረው። ውሃ ቀጠነ ብላ ትጣላለች፤ ደግሞ ስትጣላ ድምጿን እንኳ አትጨምርም፣ ቀስ ብላ ነው የምታርድሽ። «ደቂቃ» እንላታለን። የታማሚ ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል ትላለች፤ ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት በእሷ ዘንድ ስርቆት ነው። ደረቷ ላይ ተገልብጣ የምትንጠለጠል ሰዓት ነበረቻት፤ ያቺን ሰዓት አንስታ ወደ አንቺ ከመጣች እጅና እግርሽ ይተሳሰራል።

ለማያውቅ ላስረዳ። ታማሚ በቀን ሦስት ጊዜ አራት ነገር ይለካል፤ ሙቀቱ፣ የደም ግፊቱ፣ የልብ ምቱና ትንፋሹ። ሙቀቱን ቴርሞሜትሩ ይነግርሻል፤ ግፊቱን መሣሪያው ያሳይሻል፤ የልብ ምቱ ጣትሽ ሥር ይመታል። ትንፋሽ ግን ቆሞ ማየት ነው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እየቆጠርሽ፣ ሰዓትሽን እያየሽ፣ ሥራ የፈታሽ መስለሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቆም። አስታማሚው «ምን ትገተሪያለሽ? ግሉኮሱ አልቋል» ይልሻል። ስለዚህ አይቆጠርም፤ ይጻፋል። የሚጻፈውም ሃያ ነው። ሃያ የጤነኛ ቁጥር ነው፣ ማንም አይጠይቅበትም። ቻርቱን የማስረው እኔ ስለሆንኩ ከሁሉ በፊት አውቀዋለሁ፤ ገጹ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ እያለ ሲወርድ የሕፃን የጽሕፈት መለማመጃ ይመስላል። እኔም እንደ ቀልድ «እኛ ዋርድ የገባ ሰው ሁሉ ትንፋሹ ይስተካከላል» እል ነበር፤ ይስቁልኛል።

ጫጩት የመጣችው ከተመረቀች በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጋዋኗን ያሰፋችላት እናቷ ናት፤ እንዲበረክት ተብሎ ሁለት ቁጥር ተጨምሮበት ስለተሰፋ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ጋዋኑ ብቻውን የሚራመድ ይመስል ነበር። ከአንገትጌው የሚወጣው ቀጭን አንገት ነው ስሟን ያወጣላት። እናቷ የዚያው ዋርድ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ያንን ኮሪደር አሥራ ሰባት ዓመት ወልውላዋለች። ልጅቷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነርሶቹ ሲያልፉ ደብተሯን ዘቅዝቃ ጋዋናቸውን ታያለች። ያደገችው እንደዚያ እያየች ነው።

አዲስ ነርስ ስድስት ወር በሙከራ ትሠራለች። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ደቂቃ ትፈርማለች ወይም አትፈርምም። ካልፈረመች ልጅቷ ትሰናበታለች፤ የተሰናበተን ነርስ ደግሞ ሌላ ቦታ በቶሎ የሚቀጥር የለም። እናቷ በየጠዋቱ ጠረጴዛዬን ስትወለውል ትጠይቀኛለች።

«ጋሼ፣ ትፈርምላት ይሆን?»

«ትፈርማለች። ምን ሆንሽ?»

«እስክትፈርም ድረስ እህል አይወርድልኝም።»

ሳቅኩባት። እኔ ምን ገዶኝ፤ የእኔ ልጅ የምትሠራው ሌላ ቦታ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጫጩት እንደተማረችው ትቆጥር ነበር። ሃያ ስምንት አልጋ ነው ያለን፤ የቀን ተረኞች ሁለት፣ ማርና እሷ። ማር ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፤ ጫጩት ትለካለች። ለትንፋሽ ብቻ ሃያ ስምንት ደቂቃ ማለት ነው። ሙቀቱ፣ ግፊቱ፣ ፖፖው፣ «ሲስተር ውሃ»፣ «ሲስተር አሞኛል» ሲጨመርበት የጠዋቱ ዙር እስከ እኩለ ቀን ይዘገያል፤ መድኃኒቱም ተከትሎት ይዘገያል። ደቂቃ ደግሞ መድኃኒት ሲዘገይ አትወድም። አንድ ቀን ኮሪደሩ መሐል አስቆመቻት። እናቲቱ ሦስት እርምጃ ርቃ ወለሉን እየወለወለች ነበር።

«አርፍደሻል» አለች ደቂቃ።

«እየቆጠርኩ ነበር፣ ሲስተር።»

«አሥራ ስድስተኛው አልጋ ባዶ ነው። ከዚያ አልጋ ትይዩ ምንም አልጻፍሽም። ረሳሽ?»

«ሰውዬው ራጅ ሊነሳ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ነገር...»

«እናትሽ ወለል ስትወለውል ሰው የቆመበትን ቦታ ዘላ ትሄዳለች?»

እናቷ መወልወያውን እንደያዘች ቀረች፤ ቀና ልበል አልበል ስትል አየኋት። ደቂቃ ወደ እናቲቱ እንኳ አልዞረችም። «ተመለሺና ከአንድ ጀምረሽ ለኪ» አለች፤ «ሁሉንም።»

ከጠረጴዛዬ ጀርባ የአንሶላ ክፍል አለ። መሐላችን ያለው ቀጭን ጣውላ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለቀሰ ሁሉ ለእኔ ያለቀሰ ያህል ነው። የዚያን ቀን ጫጩት ገብታ በሩን ዘጋች። ትንሽ ቆይቶ ማር ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ተከተለቻት። ስታልፍ ጠቀሰችኝ።

«በይ ጠጪ፣ የኔ ልጅ። እስኪ አፍንጫሽን ጥረጊ። ይኸውልሽ ኪሴ ውስጥ መሐረብ አለ።»

«አልችልም ሲስተር። አትፈርምልኝም። እርስዎ እንኳ...»

«እርስዎ አትበይኝ፣ አላረጀሁም። ስሚኝ። ማንም ትምህርት ቤት ያልነገረሽን ልንገርሽ።»

ማር ስትመክር ጥሩ ምክር አላት፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ሰፊ ጫማ ግዢ፣ ማታ እግርሽ ያብጣል አለቻት። ከርክክብ በፊት ሽንትሽን ሽኚ። የእያንዳንዱን ታማሚ ስምና አልጋ በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ኪስሽ ውስጥ ያዢ፣ ሲጠሩሽ በስሙ ጥሪው፣ ግማሹ ሕመም ይቀልለታል። ከቤተሰብ ጋር ቆመሽ አትከራከሪ፤ ተቀመጪና አስቀምጪው፣ የተቀመጠ ሰው አይጮኽም። ማደንዘዣ ያልለቀቀው ሰው የሚነግርሽን ሚስጥር ለማንም አታውሪ። ይህን ሁሉ እኔም በጣውላው በኩል ተምሬያለሁ፤ ለሚጠይቁኝም እነግራለሁ።

«ትንፋሽ ደግሞ» አለች ማር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለምን ትቆጥሪያለሽ? የተኛ ሰው ሁሉ ሃያ ነው። ሃያ ብለሽ ጻፊና እለፊ።»

«ሃያ ባይሆንስ?»

«ያልሆነው ራሱ ይነግርሻል። የታመመ ሰው መልኩ ያስታውቃል፣ ሆዴ። ሃያ ዓመት እንደዚህ ሠርቻለሁ፤ በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ሞቶብኝ አያውቅም።»

ይህም እውነት ነው። አንድ ጊዜ ዳቦ እየበላች በበሩ ስታልፍ ቆመች። ዳቦውን መሬት ላይ ጥላ ወደ አራተኛው አልጋ ሮጠች፤ ማንም ምንም አላየም ነበር፣ ሴትየዋም «ደህና ነኝ» ትላለች። ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶ ነበር። ዳነች። ሲረጋጋ ማር መጥታ ቻርቱን ከእጄ ወሰደችና ጠዋት የጻፈችውን ሃያ ሰርዛ ሠላሳ አራት አለችው። ማር አትቆጥርም፣ ግን ታያለች። የሃያ ዓመት ዓይን ነበራት። ለዚያች ገና ለጀመረች ልጅ የሰጠቻት ሃያዋን ብቻ ነው፤ ዓይኗን ከየት አምጥታ ትስጣት? ይህ እንኳ ያኔ አልገባኝም። ሻይ ያመጣች ደግ ሴት ሆና ነው የታየችኝ፤ እንዲያውም በልቤ መረቅኳት።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እምቢ ላለው ነው የተተረተው። እሺ ላለው ማን ተረተለት?

ጫጩት እሺ አለች። በሁለተኛው ወር ዙሩን በሰዓቱ ትጨርስ ጀመር። በሦስተኛው ወር ምሳዋን ተቀምጣ በላች። ደቂቃ እንኳ «እጇ ፈታ» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ከእሷ አፍ ይህ ሽልማት ነው። ግን ደቂቃ ሞኝ አይደለችም። አንድ ቀን ቻርቱን ገልብጣ ገልብጣ «ሁሉም ሃያ?» አለች። «አዎ ሲስተር» አለች ጫጩት፣ ፊቷ አመድ መስሎ። ደቂቃ ልጅቷን ወደ ሦስተኛው አልጋ ወስዳ ሰዓቷን አነሳችና ራሷ ቆጠረች። ሰውዬው ልክ ሃያ ተነፈሰ። አሥራ ስምንት ቢተነፍስ ኖሮ፣ ሃያ አራት ቢተነፍስ ኖሮ፣ የዚያን ቀን ተሰድባ፣ አልቅሳ፣ ተቀጥታ፣ ዛሬ ነርስ በሆነች ነበር። ደቂቃ ሰዓቷን መልሳ «ጎበዝ» አለቻት። ማር ከኋላ ሆና ለጫጩት አውራ ጣቷን አሳየቻት።

የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው አናጢው ገባ። ጡረታ የወጣ፣ ጣቶቹ ወፋፍራም፣ ለቀልድ የማይሰንፍ ሰው ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የኮመዲኖው በር ተንጋዶ ቢያይ በማንኪያ እጀታ ቡሎኑን አጥብቆ አስተካከለው። «መንግሥት ያልሠራላችሁን እኔ ሠራሁላችሁ» አለን። ሆዱ ተከፍቶ በሰላም ተዘጋ። በማግሥቱ አሥራ አንደኛው አልጋ ላይ ተኝቷል፣ ሚስቱ አጠገቡ ናት።

የዚያን ቀን ማዋለጃው ሰው ጎድሎበት ማርን ለአንድ ቀን ወሰዳት። ደቂቃ ስብሰባ ነበራት። ሃያ ስምንቱም አልጋ ለጫጩት ቀረ፣ ቁስሉም፣ መርፌውም፣ ስልኩም። ላቧ ጠብ እስኪል ትሮጣለች። አራት ሰዓት ላይ ለአናጢው የታዘዘለትን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ወጋችው። ይህ መድኃኒት ሕመም ሲገድል ትንፋሽም ያዘገያል፤ ስለዚህ ነው የወጉትን ሰው ትንፋሽ መቁጠር ግዴታ የሆነው። ቻርቱ ላይ ሃያ አለች። ስምንት ሰዓት ላይም ሃያ አለች። ሰውዬው ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር፤ የተኛ ታማሚ ለሮጠ ነርስ በረከት ነው። የአሥራ ሁለተኛው አልጋ ታማሚ በኋላ እንደተናገረው፣ «አንዴ አንኮራፍቶ ሌላ እስኪያንኮራፋ ድረስ እኔ በመሐሉ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሚስቱ ወደ ጫጩት መጣች። እንቅልፍ ውስጥ እየቃተተ ነው፣ አሞታል፣ እባክሽ የኔ ልጅ አንድ ነገር ስጪው አለች። ጫጩት ኦፕራሲዮን ክፍል ላለው ሐኪም ደወለች፤ ስልኩን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ከፊቴ ቆማ ነው ያወራችው።

«ግፊቱ ደህና ነው፣ ዶክተር። ሙቀት የለውም» አለች። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ወደ ቻርቱ ጎንበስ ብላ አየችና «ትንፋሽ ሃያ» አለች።

ሐኪሙ ድገሚለት አላት። ሃያ የሚተነፍስ ሰው ሕመም ካለበት ይደገምለታል፤ በሐኪሙ አልፈርድም። ልጅቷም አልዋሸችም፣ ያነበበችው የተጻፈውን ነው። ሄዳ ወጋችው። ሚስቱ «እግዜር ያክብርሽ» ብላ ግንባሯን ሳመቻት፣ ከዚያም አሁንስ ዐረፈ ብላ ልጆቿን ልታይ ወደ ቤት ሄደች።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ጫጩት የመጨረሻውን ዙር ልትሞላ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተደገፈች። ርክክብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሙቀቱንና ግፊቱን በጠና ለታመሙት ለክታለች፤ ለሌሎቹ ጊዜ አልነበራትም። ትንፋሹን እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ከላይ እስከ ታች ሞላችው። እስክሪብቶው የእኔ ነበር።

ርክክብ ማለት ተረኛ ሲለወጥ በየአልጋው ግርጌ እየቆሙ የምትወጣውን ነርስ ቃል መስማት ነው። ደቂቃ ከስብሰባዋ ተመልሳ ከፊት ሆነች፤ መጪዎቹ ሁለት ነርሶች ከኋላ፤ እኔ ቻርቶቹን ይዤ። አሥራ አንደኛው አልጋ ደረስን። አናጢው ወደ ግድግዳው ዞሮ ብርድ ልብሱ እስከ አንገቱ ነበር።

ጫጩት ማንበብ ጀመረች። «አልጋ አሥራ አንድ። የሆድ ኦፕራሲዮን፣ ሁለተኛ ቀኑ። በአራት እና በዘጠኝ ሰዓት ማስታገሻ ወስዷል። ሕመሙ ተሽሎት ተኝቷል። ትንፋሽ ሃያ።»

ደቂቃ ወደ ራስጌው ሄዳ አንገቱን በሁለት ጣት ነካች። እጁን አነሳችው፤ ቀዝቅዞ ነበር። ያን ጊዜ የሆነው ለእኛ ሁሉ ገብቶናል፣ ለጫጩትም። ደቂቃ ግን ብርድ ልብሱን እስከ ወገቡ ገለጠችና የተገለበጠች ሰዓቷን አነሳች። ዓይኗን ደረቱ ላይ ተከለች። ከዚያ መቁጠር ጀመረች።

አንድ ሙሉ ደቂቃ አቆመችን። እዚያ ዋርድ ውስጥ ብዙ ጭካኔ አይቻለሁ፤ ይህን የሚያህል አላየሁም። መጪዎቹ ነርሶች አንገታቸውን ደፉ። የጫጩት ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ መጀመሪያ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ሳየው እሷም ትቆጥራለች። ከበሩ ላይ እናቷ ባልዲዋን ይዛ ልታልፍ ስትል አይታን ቆመች።

ደቂቃው ሲሞላ ደቂቃ ሰዓቷን ለቀቀችና «ዜሮ» አለች። «ጻፊው።»

ጫጩት ጻፈችው። ቅርጹ አላምር ብሎ ሁለት ጊዜ ደገመችበት። ያ ወረቀት እኔ ጋ ነው የታሰረው።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ። ከኮሚቴው በፊት በነበረው ቀን ማር ልጅቷን ወደ አንሶላ ክፍል አስገባቻት። የማር አፍ ሲደርቅ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

«ስሜን አታንሺ፣ የኔ ልጅ። ለራሴ ብዬ አይደለም። ሁለታችንም ከወደቅን ማን ያነሳሻል? እኔ ውስጥ ከቆየሁ እለምንልሻለሁ። ሰው ይሰማኛል፣ ታውቂ የለ?»

«እሺ» አለች ጫጩት።

«እሺ በይ፣ ሆዴ።»

ማር ይህን ስትል ከልቧ ይመስለኛል። ያናደደኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ተፍቼበት በተኛሁ።

በማግሥቱ ሰብሳቢው ጫጩትን ጠየቃት። «ሳትቆጥሪ እንድትጽፊ ማን አስተማረሽ?» ዝም አለች። ደግሞ ጠየቃት፤ ዝም አለች። ማር ተጠራች። አዲሷን ነርስ ያለማመደች እሷ ስለሆነች፣ ትንፋሽ እንዴት እንድትቆጥር እንዳስተማረቻት እንድትናገር ተጠየቀች።

ማር ዓይኗን በጨው አጥባ፣ እጇን ጫጩት ትከሻ ላይ አድርጋ፣ «ሙሉ ደቂቃ ብዬ ነው» አለች። «ደረቱን እያየሽ፣ ሰዓትሽን ይዘሽ። ልጅ ናት፣ ደክሟት ነው። እባካችሁ እዘኑላት።» ለመነችላት እንግዲህ።

«እንደዚያ ነው ያስተማረችሽ?» አላት ሰብሳቢው።

«አዎ» አለች ጫጩት።

ደቂቃ እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም። ወደ እኔ ዞረች። «የአንተ ጠረጴዛ ከአንሶላ ክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስድስት ወር ምን ሰማህ?»

እውነቱን ልናገር፤ ያሰብኩት ስለ አናጢው አይደለም፣ ስለ ልጅቷም አይደለም። የእናቴን ጀርባ ነው ያሰብኩት። «ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አልሰማሁም» አልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የራሴን ቃል በራሴ እጅ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ጋ ያለው ነቅዟል።

ደቂቃ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ለሰብሳቢው «ለሃያ ስምንት ሰው አምስት ወር የሠራች አንዲት ልጅ ብቻዋን ትቼ ስብሰባ የሄድኩ እኔ ነኝ። እሱም ይጻፍ» አለች። ሰብሳቢው «እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው፣ አይጻፍ» አለኝ። አልጻፍኩም። ጫጩት ከሥራ ተሰናበተች፣ የሙያ ፈቃዷም ለዘለቄታው ተነጠቀ። ከውሳኔው ሥር መጀመሪያ የፈረመችው ደቂቃ ናት። ማር ሁላችንንም የስንብት ካርድ አስፈርማ፣ አበባ ያለበት፣ ለልጅቷ ሰጠቻት። ጫጩት አመስግና ተቀበለቻት።

እናቷ በሥራዋ ቀጠለች። ሌላ ዋርድ አዛውሩኝ አላለችም። የአሥራ አንደኛውን አልጋ ሥር እንደ ሌላው ትወለውላለች። ጠረጴዛዬንም ትወለውላለች፤ ግን ምንም አትጠይቀኝም። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማር ወንበር ስባ ከእኔ ጋር ሻይ ትጠጣለች። እናቲቱ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች።

«ሲስተር፣ እስካሁን አላመሰገንኩሽም።»

«ምን አድርጌ፣ የኔ እናት?» አለች ማር።

«ልጄ ነግራኛለች። ያን ሁሉ ጊዜ ሻይ ያጠጣሻት፣ እንባዋን የጠረግሽላት አንቺ ብቻ ነሽ። ሌላው ሲያንገላታት አንቺ ነሽ የሰው ወግ ያሳየሻት። ኮሚቴው ፊትም ለምነሽላታል አሉ። እግዜር ውለታሽን ይክፈልልኝ።»

ማር እጇን ያዘቻት። «እሷስ እንዴት ናት?»

«ከቤት አትወጣም። እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ አጠገቤ ቁጭ ብላ ደረቴን ታያለች። ምን ታደርጊያለሽ ስላት ‹አሥራ ስድስት ነሽ› ትለኛለች። ሌላ ወሬ የላትም።»

ሻዬ ቀዘቀዘ። ከውስጥ አንድ ታማሚ ሲስተር ሲል ይሰማል፤ ማር አልተነሳችም።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች እናቲቱ። «ልጄን አውቃታለሁ። ይህን ከራሷ አታወጣም፤ የነገሯትን የምታደርግ ልጅ ናት። አንድ ሰው መክሯታል። ማን ነው ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እናንተ የውስጥ ሰዎች ናችሁ፤ ሳታውቁት አትቀሩም። ምንም አላደርገው፣ ምን አቅም አለኝ? ማን እንደሆነ ብቻ ልወቅ።»

ማር ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አሁን ትናገራለች አልኩ በልቤ። እሷ ከጀመረች እኔም እከተላለሁ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ማር የሴትየዋን የሻከረ እጅ በሁለት እጆቿ መሐል አድርጋ ቀስ ብላ አሻሸችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«አላውቅም፣ የኔ እናት» አለች። «ማንም ይሁን ማን፣ እግዜር የእጁን ይስጠው።»

«አሜን» አለች እናቲቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

«አሜን» አልኩ።